የግራዝማች ጎማ ዝም ያለ ዕለት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባንዳ የነበረ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም አርበኛ ነበር። ዱር ያልገባው ለገቡት ስንቅ ሲያቀብል የኖረ ነው፤ ስንቅ ያላቀበለውም ቤቱ ተቀምጦ ሲጸልይላቸው የከረመ ነው። በጣሊያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ «ሾፌር ነበርሁ፤ የግራዝማችን መኪና እነዳ ነበር» ብዬ የምመልስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቅንቀው ያዝኑልኛል። መዋሸት ያቃተው ሰው ያሳዝናል መሰለኝ።

ግራዝማች ማዕረጋቸውን ያገኙት ከጣሊያን ነው፤ መኪናዋንም እንደዚያው። ጣሊያኖቹ አርጅታ ያስቸገረቻቸውን፣ አንድ ዐይኗ የጠፋ ትንሽ ጥቁር መኪና «ለታማኝነትዎ» ብለው አስረከቧቸው። እኔ ያን ጊዜ በጣሊያኖቹ ጋራዥ ብሎን ስፈታና ሳጠብቅ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነበር፤ ከዚያ ግራዝማች ወሰዱኝ። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ ወዴት ነው ብለው አልጠየቁኝም። በጎጃም እንዲህ ያለ ነገር የሚሆን አይመስልም፤ ግን እሳቸው የራሳቸውን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ለእኔ ትውልድ ጊዜ አይተርፋቸውም ነበር። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርሁም። ታላቅ እኅቴ የምትኖረው በአምበር መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር ነው። ባሏ ደግሞ ግራዝማች በየሳምንቱ እየወጡ ከሚፈልጓቸው ሽፍቶች፣ ማለትም እኛ በሆዳችን አርበኛ ከምንላቸው፣ አንዱ ነበር።

የጎማው ጣጣ የጀመረው በጥምቀት ነው። ግራዝማች የሌሎቹ መኳንንት ፈረስና በቅሎ በተባረከው ውኃ ሲሻገር አዩና የእሳቸው መኪና ሳትጠመቅ መቅረቷ ከነከናቸው። «አግባት» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የጎማው እምብርት ውኃ ከገባው ይበላሻል» አልኋቸው።

የነፍስ አባታቸው ከአጠገባቸው ነበሩ። «ጠበል የሚጎዳው ሰይጣንን ብቻ ነው» አሉ።

እኔም ሰይጣን እንዳልባል እስከ ሆዷ ድረስ ነዳኋት። ሕዝቡ እልል አለ። ግራዝማች ከውስጥ ሆነው እጃቸውን ሲያነሱ ጫማቸው በውኃ ተሞልቶ ነበር፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት የግራ የኋላ ጎማ ማጉረምረም ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት እህል በሌለበት ወፍጮ ላይ መጅ ሲሄድ የሚሰማውን ያንን ጥርስ የሚያደነዝዝ ድምፅ እያሰማ፣ እሱም ሳያቋርጥ፣ ከተማውን ያዞረን ጀመር።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ጎማው የሚዞረው ኩሽኔታ በሚባል፣ በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች ባሉበት ቀለበት ላይ ነው። ውኃው ማለስለሻ ግራሶውን አጥቦ አወጣው፤ ኩሽኔታው ዛገ፤ የዛገ ኩሽኔታ ደግሞ ይጮኻል። ይህን አስረዳሁ። የነፍስ አባት ግን ጩኸቱ የሚወጣው ከርኩስ መንፈስ እንደሆነ ተናገሩና በየማለዳው በጎማው ላይ ጠበል እንዲፈስ አዘዙ። በፈሰሰ ቁጥር ጩኸቱ በረታ። «አያችሁ፣ ሊወጣ ሲል እንዲህ ነው» አሉ።

ግራዝማች ደግሞ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። ራሱን የሚያመው ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ ድርቀት ነው እንግዲህ። ለጋ ቅቤ በጎማው እምብርት ተጠቀጠቀ። ጎማው ሲሞቅ ቅቤው እየቀለጠ በመንገዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የከተማው ውሻ በሙሉ መሬት እየላሰ ከኋላችን ይከተላል። አንድ ቀን የጣሊያኑን ሹም ልንቀበል ስንደርስ የውሾቹ ቁጥር ከአጃቢዎቹ በልጦ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሚስታቸው እመቤቲቱ ጉዳዩን ቆረጡት፤ በጾም ቅቤ ከቤታቸው አይወጣም፣ ለሰውም ለብረትም። ከዚያ ወዲያ በኑግ ዘይት ሆነ። ውሾቹ ተዉን፤ ጩኸቱ ግን አልተወንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገሩ ደስ ብሎት ነበር። የጨሞጋን ወንዝ ሳንሻገር ከወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማናል። ከብቱ ወደ ቆላ ይነዳል፤ ጎረምሳው ይሰወራል፤ እህሉ ጉድጓድ ይገባል። ግራዝማች ደርሰው የሚያገኙት አሮጊትና ዶሮ ነው። ተመልሰውም ለጣሊያኑ «አገሩን ከሽፍታ አጽድቼዋለሁ» ይሉ ነበር፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እኅቴ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበርና ባሏ ሕፃኑን ለማየት በየጊዜው ብቅ ይላል። መኪናዋ ከሩቅ ስትጮኽ ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ፣ ጠመንጃውን አንሥቶ፣ ሳይሮጥ ይሄዳል። እኅቴ ወደ ገበያ በመጣች ሴት በኩል «ወንድምዓለም፣ የጎማህን ጤና አደራ፤ እንዳይድን እየጸለይሁ ነው» ብላ ላከችብኝ። ሳቅሁ። ለእሷ ግን የሚያስቅ ጉዳይ አልነበረም፤ የባሏ ነፍስ በዚያ ጎማ ጩኸት ላይ ነበረች።

ግራዝማች ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ገባቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝና «ይህ ጎማ ከመጪው እሑድ በፊት ዝም ማለት አለበት» አሉኝ። ለምን እሑድ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወደ ጋራዡ ልንወስዳት አንችልም ነበር፤ ጣሊያኖቹ «ከተበላሸች መልሳት፣ ለብረቷ እንፈልጋታለን» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ሥራው በጓሯቸው፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ በምስጢር እንዲሆን ተወሰነ።

«ኩሽኔታው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ እስከ ክረምት ይቆያል» አልሁ። እስከ ክረምት ድረስ እግዜር አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል ብዬ ነው። ግራዝማች ለጋራዡ ዕቃ ጠባቂ አንድ እንስራ ማር ላኩለት። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታው በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ እጄ ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ራሴን ማስዋብ አልፈልግም። ሐሳቤ ሥራውን ማጓተት ነበር። አንድ ብሎን እሰብራለሁ፣ አንድ ነገር እጥላለሁ፣ እሑድ ያልፋል። ወረቀቱን ስፈታው ግን አዲስ ነበር። በጋራዡ ሁለት ዓመት ስሠራ አዲስ ነገር በእጄ አልሰጡኝም፤ ከተሰበረ መኪና ፈትተን በተሰበረ መኪና ላይ ነበር የምንገጥመው። በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ደግሜ ገፋሁት። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ እኅቴ አልነበረችም፤ የዘንጉን ዝገት በምን እንደማጸዳው ነበር።

መኪና ማንሻ ክሪክ ከጋራዡ መዋስ ምስጢር ማውጣት ስለሆነ ግራዝማች ገባሮቻቸውን ጠሩ። አሥራ ሁለት ሰዎች «በሥላሴ» ብለው የኋላዋን ብድግ አደረጉ፤ እኔ ደግሞ የእመቤቲቱን ትልቁን ሙቀጫ ገልብጬ ከሥሯ ገፋሁ። ጎማውን አወለቅሁ። ማጥበቂያ ዳዶውን ፈታሁ። አሮጌው ኩሽኔታ ግን ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ እንቢ አለ። ዝገቱ፣ ጠበሉ፣ የተቃጠለው ቅቤና የኑጉ ዘይት አንድ ላይ ሆነው ጥቁር ሙጫ ሠርተዋል። ይህን የሚነቅል እሳትና መዶሻ የለመደ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከከተማው ዳር የሚኖረው ቀጥቃጭ ነበር።

ቀጥቃጭ በእኛ አገር ማረሻህን ይሠራልሃል፤ አንተ ግን ዐይኑን ትፈራለህ። ግራዝማች ሰውዬው እንዲመጣ ፈቀዱ፤ መኪናዋን እንዲያይ ግን አልፈቀዱም። ከፊቷ እስከ ኋላዋ በጋቢ ሸፈኗት። ቀጥቃጩ ወናፉን ተሸክሞ ሲደርስ በሙቀጫ ላይ የተቀመጠ፣ ነጭ የለበሰ፣ ከጎኑ አንድ የብረት ዘንግ ብቻ የወጣ ነገር አገኘ። «ታሟል?» አለኝ። ግራዝማች ወደ ሌላ ወገን እንዲያይ ነገሩት። እሱም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ በእጁ እየዳሰሰ፣ ወናፉን እያናፋ አሞቀው፤ ከዚያ በእንጨት ላይ በመዶሻ ሦስቴ መታ። አሮጌው ኩሽኔታ ወልቆ መሬት ላይ ወደቀ። እንደዚያ ያለ እጅ በጋራዡም አላየሁም።

ዕቃውን ሲሰበስብ አሁንም አጥሩን እያየ በቀስታ «ይህ ጎማ ዝም ካለ ለአገሩ ማን ሊጮኽለት ነው?» አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። ግን ዘንጉን በአመድና በጨርቅ እየወለወልሁ ነበር፤ ብረቱ ከዝገቱ ሥር ማብረቅ ጀምሮ ነበር። «እህ» አልሁና ቀጠልሁ።

አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ አይገባም፤ ኳሶቹ ይጎዳሉ። በዘይት ውስጥ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ በጨርቅ ይዘህ ዘንጉ ላይ ትሰደዋለህ፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይነክሳል። እመቤቲቱን ድስትና የኑግ ዘይት ለመንኋቸው። የሚጠበሰው ምን እንደሆነ ሲያዩ በጾም እንዲህ ያለ ነገር በድስታቸው ይሠራ እንደሆነ የነፍስ አባትን አስጠየቁ። እሳቸውም ድስቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዩና ብረት ደም ስለሌለው የጾም ነው ብለው ፈቀዱ። ኩሽኔታው ወጣ፤ ዘንጉ ላይ ሰደድሁት፤ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። ግራሶ ሞላሁት፤ ዳዶውን አጠበቅሁ፤ ጎማውን መለስሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።

ከዚያ ጎማውን በእጄ አሽከረከርሁት። ዞረ፤ ዞረ፤ ዞረ። ከባሕር ዛፎቹ ላይ ያሉትን ወፎች ሰማሁ። ከወር በላይ በዚያ ግቢ ወፍ ሰምቼ አላውቅም። ገባሮቹ እያዩኝ ነበር፤ አንዱም አላመሰገነኝም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት።

ግራዝማች ግን ትከሻዬን መቱኝ። «ነገ ክርስትና እንሄዳለን፤ ባንጠራም» አሉ። የአምበር መንገድ ሰላያቸው ከጥምቀት ወዲህ በአንድ ሽፍታ ቤት እልልታ ሰምቶ ነበር። ቆጠረው፤ ሰባት ነው። ሰባት ከሆነ ወንድ ነው፤ ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ አርባ ቀኑ ደግሞ እሑድ ይውላል። አባት የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና አይቀርም። እልል ያሉት ሴቶች ለጠላት ቀን እየቆረጡለት መሆኑን በምን ያውቃሉ? የእኔ እኅት ልጅ ነበር። እኔም አርባውን መቁጠር እችል ነበር፤ ያን ሰሞን ስቆጥር የዋልሁት ግን ብሎን ነበር።

ወሬ እንዳይወጣ በሩ ተዘጋ፤ እስከ ማግስቱ ማንም እንዳይወጣ ታዘዘ። ጎማውን መልሼ ላበላሸው ወደ መኪናዋ ስጠጋ ጠባቂው «ሄደህ እረፍ፣ ደክሞሃል» አለኝ። ሰውዬው በእውነት ያዘነልኝ ይመስላል።

እሑድ ማለዳ ተነሣን። ግራዝማች ከጎኔ፣ ሦስት ጠመንጃ ያዦች ከኋላ። ሞተሩ እንኳ እንደ ድሮው አይሰማም፤ ዳገት ስለማይበዛ ቀስ ብዬ እንድነዳ አዘውኛል። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። በፊት እነዚህ ሰዎች ጎማው ከሩቅ ሲጮኽ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አውርደው፣ እጅ ነሥተው ይጠብቁን ነበር። ዛሬ አጠገባቸው ደርሰን አለፍን፤ አንዱም አልተነሣም። ግራዝማች አንገታቸውን መልሰው ተመለከቱ። ጥቂት እንደሄድን አንድ አዛውንት መንገዱን መሐሉን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። ፍሬን ያዝሁ። ዞረው አዩኝና «እንዴት አደርህ፣ ልጄ» ብለው ጥጋቸውን ያዙ። ከጎኔ ማን እንዳለ ልብ አላሉም።

ግራዝማች ቀና ብለው ተቀመጡ። ከዚያ «አላዩኝም?» አሉ።

«አልሰሙዎትም፣ ጌታዬ» አልሁ። «በፊት መምጣትዎን አውቀው ተነሥተው ይጠብቁ ነበር። አሁን የጋራዡ መኪና መስሏቸው ይሆናል።»

ይህን ያልሁት አስቤበት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹን አስቤበታለሁ፤ ግማሹን ፍርሃት ነው ያናገረኝ። እሳቸውን ግን ሁለት ዓመት አውቃቸው ነበር። ጥይት ሲተኮስ ያልደነገጡ ሰውዬ ያልተነሣላቸውን ሰው አልፈው መሄድ አይችሉም።

«ክላክሷን አንድ ጊዜ ንካት» አሉኝ።

ነካኋት። ከፊታችን ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች ዞሩና ወደ ጥግ ገብተው ጎንበስ አሉ። የግራዝማች ፊት በራ። ከኋላ አንዱ ጠመንጃ ያዥ «ጌታዬ፣ ድምፅ እንዳናሰማ ብለው አልነበር?» አለ።

«ግራዝማች እንደ ሌባ ተደብቆ ነው የሚሄደው?» አሉ። «ንካት አንተ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ሊመልሳቸው። ጨሞጋ ድልድይ ላይ አስነፉኝ። ማዶ ከዳገቱ ላይ ከብት የሚጠብቅ አንድ ሰው ቀና ብሎ አይቶን ሳይሰግድ ቀረ፤ «ያ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አሉና እሱ ባርኔጣውን እስኪያወርድ ድረስ ነፋሁ። የማለዳ አየር ድምፅ ይሸከማል፤ ሜዳው ደግሞ ባዶ ነው። እጄ ከክላክሷ ላይ አልተነሣም። በልቤ «ስማ፣ ስማ፣ ስማ» እላለሁ።

ስንደርስ ልጁ ተጠምቆ፣ የክርስትና አባቱ ታቅፎት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመዋል። እኅቴ ነጭ ለብሳ ነበር። አባትየው የለም። ግራዝማች ወረዱና «ባልሽ የት አለ?» አሏት።

«ክላክስዎን ሰምቶ ሊቀበልዎ ወጣ፣ ጌታዬ» አለች። «መንገድ ላይ አላገኛችሁትም?»

ግራዝማች በቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆጣት አልሆነላቸውም። ደግሞ ሊቀበላቸው መውጣቱን ወደዱት መሰለኝ። የሽሮውን ወጥ በልተው፣ ልጁን መርቀው ተመለሱ። እኅቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ፤ ከዚያም አይታኝ እንደማታውቅ ሆና ዐይኗን ወደ ጎማው አወረደች። ጎማውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው።

ጣሊያን ሲወጣ ከአዲስ አበባ አንድ መርማሪ መጣ። ግራዝማች ቀርበው የውስጥ አርበኛ እንደነበሩ አስረዱ። ወደ ጠላት ተጠግተው የነበረው ለአርበኛው ለመሰለል ነው፤ ለማስረጃ ያህልም በአንድ የሁዳዴ እሑድ አንድ ጀግና እንዳይያዝ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጁ ድረስ ክላክስ አስነፍተዋል። እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ። መስቀል መትቼ ቀረብሁ።

«ክላክሱ እንዲነፋ ያዘዙት እሳቸው ናቸው?» አለኝ መርማሪው።

«አዎ።»

የእኅቴም ባል ተጠራ። «ክላክሱን ሰምተህ ነው ያመለጥኸው?» «አዎ» አለ። ሌላ ምን ይበል? ግራዝማች ቀኛዝማች ሆኑ። እኔ ስወጣ በሩ ላይ የነበሩ ሰዎች «የባንዳ ሾፌር» ብለው አሳለፉኝ።

በዚያው ሰሞን እኅቴ ቤት ሄድሁ። ጠላ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ያን ጎማ ዝም ያሰኘው ማን ነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«ክላክሱን ያስነፋውስ?»

«እሳቸው።»

«እንግዲያው ትክክለኛውን ሰው ነው የሾሙት» አለች።

ሰው እንዳልተነሣላቸው ያስታወስኋቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሆን ብዬ ክብራቸውን የነካሁት ብዬ ጀመርሁ። «ጎማውን ባትሠራው ኖሮ ይህን ሁሉ ማስታወስ ባላስፈለገህ» አለችና ጠላውን ሞላችልኝ። ክፋት አልነበረባትም። የጠየቀችው መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ እኔ ነኝ መልሱን የማልወደው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቀኛዝማች ከሞቱ በኋላ፣ በግቢያቸው በር ሳልፍ መኪናዋ በባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማ አየሁ። ሞተሯ ወጥቷል፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ ተኝታለች፤ የኋላዋ እንደገና በዚያ ሙቀጫ ላይ ነው። የግራ ጎማ በቦታው አለ። ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር አልሁና በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርሁ።